የካኪ ፖስታዎቹ ካርቶኖች፦ የስካን ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ካርቶኖቹ ዛሬ ገቡ። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ግን እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ባለች አንዲት ትንሽ የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ ቤት አሮጌ ወረቀት አጸዳለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ዝርዝር እሠራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ የሰፈር ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የቤተክርስቲያን በራሪ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ ምናምን ነው። ይሄኛው ለየት ይላል። አንድ አዛውንት አርፈው የእህታቸው ልጅ ቤቱን ሲያጸዳ ምድር ቤት ያገኘው ነው፦ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የወንድ ጡንቻ መጽሔቶች፣ በፖስታ ታዘው የመጡ ፎቶዎች፣ የመጡባቸው ፖስታዎች ሳይጣሉ፣ ደብዳቤዎች፣ ትንሽ ኔጋቲቭ። (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ኮርኒሱን ማየት ሲጀምር እኔ እወስደዋለሁ አልኩ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ በዛን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ለጌይ ወንዶች ብሎ በግልጽ የወንድ ገላ ፎቶ መሸጥ ያሳስር ነበር። ስለዚህ መጽሔቱ ላዩ ላይ ስፖርት ነው፣ ጤና ነው፣ ለሰዓሊና ለቀራፂ ማጥኛ ነው ይላል፣ ውስጡን ስትገልጡት ዘይት የተቀባ ጡንቻማ ሰውዬ ከጄሶ ዓምድ አጠገብ ሰይፍ ይዞ ቆሟል። ሻጩም ያውቃል ገዢውም ያውቃል፣ ፖስታ ቤቱም አሳምሮ ያውቃል። ጨዋታው እሱ ነበር።

ዛሬ የሠራሁት መለየት ብቻ ነው። ፊዚክ ፒክቶሪያል አንድ ክምር፣ ቱሞሮውስ ማን አንድ ክምር፣ ቪም፣ አዶኒስ፣ ትሪም፣ ማንዋል፣ ግሪሺያን ጊልድ ፒክቶሪያል፣ ድራም። ታች የተቀመጠ አንድ ካርቶን ውሃ ነክቶት ነበር መሰለኝ ጥጉ ሻግቷል፣ እሱን ለብቻው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከሌሎቹ አራቅኩት፣ ሻጋታ ከገባ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

ረቡዕ ማታ

የስቴፕለር ሽቦ ነቀላ። አሰልቺ ነው ግን ግድ ነው፣ ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን እየበላው ነው፣ መሀል ያለው ገጽ በነካሁት ቁጥር ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ቢሮ ውስጥ ያለውን መንቀያ መጠቀም ክልክል ነው፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። ቀጭን ስፓቱላ ከሥሩ አስገብቼ የሽቦውን እግር አቃናና በወረንጦ እስባለሁ። ከዛ በዛው ቀዳዳ በክር መስፋት ይቻላል፣ እኔ ግን ስካን እስክጨርስ ድረስ እንዲሁ አሲድ በሌለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።

እየነቀልኩ የፊዚክ ፒክቶሪያልን ክምር ጨረስኩ። ትንሽዬ መጽሔት ናት፣ ታጥፋ ኮት ኪስ ትገባለች፣ ሲሠሯትም እንደዛ አስበው ይመስለኛል። ባለቤቷ ቦብ ማይዘር የሚባል ሰው ነው፣ 1922 አይዳሆ ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ያደገ። 1945 ላይ አትሌቲክ ሞዴል ጊልድ የሚባል ስቱዲዮ ከፈተ፣ ስቱዲዮ ስል ግን የእናቱ ቤትና ጓሮ ማለቴ ነው፣ እናትየው ዴሊያ ክፍል ታከራይ ነበር። መጀመሪያ ፎቶዎቹን የሚሸጠው በሰውነት ግንባታ መጽሔቶች የኋላ ገጽ ላይ ትንንሽ ማስታወቂያ እያወጣ ነበር፣ «ለሰዓሊዎች የሚሆን የወንድ ፎቶ» ዓይነት። በኋላ ፖስታ ቤቱ መጽሔቶቹን አስጨነቃቸው፣ እነሱም ማስታወቂያውን እንቢ አሉ። እሱ ምን አደረገ፣ ያለውን የደንበኛ አድራሻ ይዞ 1951 ላይ የራሱን አወጣ፣ መጀመሪያ ፊዚክ ፎቶ ኒውስ አላት፣ በዛው ዓመት ስሟን ፊዚክ ፒክቶሪያል አደረገው። የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ፎቶ አንሺዎች ሥራ ያወጣ ነበር፣ ብሩስ ኦፍ ሎስ አንጀለስ፣ ሎን ኦፍ ኒውዮርክ፣ የዴንቨሩ ዌስተርን ፎቶግራፊ ጊልድ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር የአንሺው ስምና አድራሻ አለ። ማለትም መጽሔቷ ካታሎግ ናት፣ ያያችሁት ሰውዬ ካማራችሁ ደብዳቤና ገንዘብ ትልካላችሁ፣ ትልልቅ ፎቶዎች በፖስታ ይመጡላችኋል።

ይሄ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ አስቆመኝ። በየትንሹ ከተማ ብቻውን ያለ፣ እንደኔ ያለ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው፣ አንድ ቀን ደብዳቤ ላከና ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ያ የአድራሻ ዝርዝር ለነሱ እንደ ዕድር መዝገብ ነበር፣ ልዩነቱ አባላቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ቅዳሜ

ዛሬ በፖስታ የመጡት ነጠላ ነጠላ ፎቶዎች። እነዚህ ከመጽሔቱ የተሻለ ቆይተዋል፣ እውነተኛ የጨለማ ክፍል ሥራ ነው፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ጥቁሩ ጥቁር። ጠርዛቸው ላይ ብርማ ነገር ወጥቶባቸዋል፣ በጎን ስታዩት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ያ ብሩ ራሱ በእርጥበት ወደ ላይ መጥቶ ነው፣ አይነካም፣ እንዲሁ ይቀመጣል። የጥጥ ጓንት አንዳንዱ ሰው ይወዳል፣ እኔ ናይትራይል የሚሉትን ስስ የላስቲክ ጓንት ነው የማደርገው፣ በጥጥ ምኑንም አልይዝም ያንሸራትተኛል።

አብዛኞቹ አንሺዎች ፊልሙን ራሳቸው ነበር የሚያጥቡት፣ ንግድ ላብራቶሪ ውስጥ ራቁት ወንድ ያለበት ፊልም ብትሰጥ መልሰው አያጥቡልህም፣ ባስ ካለም ለፖሊስ ነው የሚደውሉት። ስለዚህ የኅትመቱ ጥራት ከሰው ሰው ይለያያል። ብሩስ ጎበዝ ነው፣ ብርሃኑ ልዩ ነው። ከካንሳስ ይሁን ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጥቂቶቹ ደሞ ኩሽና ውስጥ እንደታጠቡ ያስታውቃሉ።

ልብሱ፦ ፖዚንግ ስትራፕ ይሉታል፣ ከፊት ብቻ የምትሸፍን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ በክር የምትታሰር። ያቺ ጨርቅ የሕግ ድንበር ናት። ከሷ ጋር ከሆነ ስፖርት፣ ያለሷ ከሆነ ወንጀል። የማይዘር እናት ናቸው አሉ በእጃቸው የሚሰፉለት፣ መጀመሪያ ሥራውን አልወደዱትም ነበር፣ በኋላ ግን ልጃቸው ነውና መርፌና ክር አነሱ። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ጨርቁ ጭራሽ የለም፣ በቀለም ነው የተሳለው! በማጉያ መነፅር ብሩሽ የሄደበት ይታያል። እነዚህን ለብቻ ምልክት አድርጌባቸው በጎን ብርሃን ሁለተኛ ጊዜ ስካን አደርጋቸዋለሁ፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ እንዲታይ።

ማይዘርን ራሱንም ሕግ ነክቶታል። 1947 ተፈርዶበት ሳውገስ የሚባል የእስረኞች የሥራ ካምፕ ወራት አሳለፈ፣ 1954 ደሞ ጸያፍ ጽሑፍ ሸጧል ተብሎ ተፈረደበት፣ ያኛው በይግባኝ ተሻረ። ሰውዬው ግን ምላስ አለው። የፎቶ መግለጫ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ሳንሱር፣ ስለ ፖስታ ቤት ረጅም ንዝንዝ በጥቃቅን ፊደል ይጽፋል፣ ሥዕሉን ሊያይ የገዛ ሰው ሳይፈልግ የዜጋ መብት ትምህርት ይማራል። እኔ ከፎቶዎቹ ይልቅ እነዚህን ነው ቁጭ ብዬ የማነበው።

የ1957 የጸደይ እትምም አለች! ሽፋኗ ላይ ግንድ ጠራቢዎች የተሳሉባት፣ የፊንላንዱ ቶውኮ ላክሶነን ሥዕል። ቶም ኦፍ ፊንላንድ በሚለው ስም ዓለም ያወቀው ከዚህች ወዲህ ነው። ሽፋኗ ትንሽ ተቀዷል፣ ቢሆንም ከክምሩ ሁሉ ውዷ እሷ ሳትሆን አትቀርም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒም ለንደን ሆኖ ሎስ አንጀለስን በእግሩ ሳይረግጥ ከዚች መጽሔት ፎቶ እያየ 1963 ላይ የሎስ አንጀለስ ቤት ሥዕል ሠራ፣ በዓመቱ ራሱ ሄደ፣ የማይዘርንም ስቱዲዮ ጎበኘ።

አንድ ነገር ልበል እንጂ፦ ከክምሩ ውስጥ ጥቁር ሰው ፈልጋችሁ ማግኘት ድካም ነው። ግሪክ ግሪክ የሚሉት መጽሔቶች ውስጥማ ሁሉም ነጭ እብነበረድ ነው። ማይዘር ጋ ጥቁርም ላቲኖም አለ፣ እሱ ከሌሎቹ ይሻላል፣ ግን ከሌሎቹ መሻል ትልቅ ነገር አይደለም።

እሁድ ከሰዓት

ፖስታዎቹ። ሁሉም ይጥላቸው ነበር፣ እኚህ ሰውዬ አልጣሉም፣ እግዜር ይስጣቸው። ተራ ካኪ ፖስታ፣ ላኪው ላይ የስቱዲዮ ስም እንኳ የለም፣ ቁጥርና መንገድ ብቻ።

መጽሔቶቹ ቀን የማይጻፍባቸው ብዙ ናቸው፣ ፊዚክ ፒክቶሪያል በተለይ በቁጥርና በቅጽ አያያዝ ዝርክርክ ናት፣ ስለዚህ መቼ እንደወጣች ለማወቅ ፖስታው ነው የሚረዳኝ። የቴምብሩ ማኅተም ከተነበበ አለቀ። ካልተነበበ አድራሻውን አያለሁ፦ ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይ ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ (ሎስ አንጀለስ 6 እንደሚለው) የድሮው የዞን ቁጥር ነው፣ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ካለው ከሐምሌ 1963 በኋላ ነው። ዚፕ ኮዱን ያስጀመረው ፖስትማስተር ጄኔራሉ (የአገሪቱ ፖስታ ቤት የበላይ ኃላፊ) ጄ ኤድዋርድ ዴይ ነው፣ የሰውዬውን ስም ያዙልኝ ይመለሳል።

አንደኛ ክፍል ምናምን የሚሉት የፖስታ አላላክ ደረጃ ስላልገባኝ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ጋ ወጣሁ፣ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖስታ ቤት ሲለዩ ነው የኖሩት።

«ጋሼ፣ አንደኛ ክፍል ብለው ውድ ቴምብር የሚለጥፉት ለምንድነው፣ መጽሔት በቅናሽ ይሄድ የለም እንዴ?»

«የታሸገ አንደኛ ክፍል ያለ ዳኛ ፈቃድ አይከፈትም ልጄ። በቅናሽ የላክሽው ግን ሊያዩት መብት አላቸው። የሚደብቀው ያለው ሰው ውዱን ይከፍላል። ምንድነው እሱ?»

ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እኔ በነበርኩበት ጊዜ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ይላክ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸቱ አያስቀምጥሽም» ብለው ወሬውን ወደ ጫጩት አዞሩት። ቡና ጠጥቼ ወረድኩ።

የገባኝ ግን ይሄ ነው፦ ሕጉ የተያዘው በፖስታ በኩል ነው። 1873 የወጣው የኮምስቶክ ሕግ ጸያፍ ነገር በፖስታ መላክን የፌደራል ወንጀል አደረገ። በ1950ዎቹ በአይዘንሃወር ዘመን ፖስትማስተር ጄኔራሉ አርተር ሰመርፊልድ ይሄን እንደ ዘመቻ ያዘው፣ የፖስታ መርማሪዎች በውሸት ስም ደብዳቤ እየጻፉ ፎቶ ያዛሉ፣ ሲላክላቸው ላኪውን ይከሳሉ። ደብዳቤ እየጻፉ እንደ ጓደኛ የሚቀርቡም ነበሩ። እና ይሄን ሁሉ እያወቀ ካኪ ፖስታውን እየጠበቀ የሚኖር ሰው።

ማክሰኞ

የዛሬው የኛው ሰፈር ታሪክ ነው፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

ትሪም፣ ማንዋልና ግሪሺያን ጊልድ ፒክቶሪያል የሦስቱ አሳታሚ አንድ ሰው ነው፣ ኤች ሊን ዎማክ። ሚሲሲፒ የተወለደ፣ በፍልስፍና ዶክተር የሆነ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያስተማረ፣ አልቢኖና ግዙፍ ሰው። ማስተማሩን ትቶ ማተሚያ ቤት ገባ፣ ጊልድ ፕሬስ የሚባል። ደግ ሰው ነበር አትሉም፣ የሚጠሉት ብዙ ነበሩ፣ ነጋዴ ነው፣ ግን ማንም ያልነካውን ነካ።

መጋቢት 25 ቀን 1960 የነዚህ ሦስት መጽሔቶች 405 ቅጂ በስድስት እሽግ ሆኖ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ቺካጎ ሊሄድ ሲል የአሌክሳንድሪያው ፖስታ ቤት ኃላፊ ያዘው። አዎ እዚህች አሌክሳንድሪያ፣ ግማሹ ሰው እንጀራ ፍለጋ የሚተራመስባት። ዋሽንግተን ያሉት አለቆች አይተው ጸያፍ ነው፣ አይላክም አሉ። ዎማክ ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት አሸነፉት፣ ይግባኝም አሸነፉት፣ ጠበቃው ስታንሊ ዲትዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ይዞት ሄደ። በመሀል መንግሥት ስለተቀየረ የተከሳሹ ስም በኬኔዲ የተሾመው ፖስትማስተር ጄኔራል ሆነ፣ ያው የዚፕ ኮዱ ዴይ። ጉዳዩ ማንዋል ኢንተርፕራይዝስ ከዴይ ጋር ይባላል፣ ውሳኔው ሰኔ 25 ቀን 1962።

ዎማክ አሸነፈ፣ ስድስት ለአንድ። አሸናፊዎቹ ግን አብረው አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። ዳኛ ሃርላን መጽሔቶቹን ራሱ አገላብጦ ደስ የማይሉ፣ ስድ፣ ርካሽ ናቸው አለ፣ ግን ይሄ ጸያፍ ለመባል አይበቃም፣ ኅብረተሰቡ ከሚታገሠው የሴት ራቁት ፎቶ የባሱ አይደሉም አለ። ብሬናን ደሞ ከሁለት ዳኞች ጋር ሆኖ ኮንግረስ ለፖስታ ኃላፊው ብቻውን የመከልከል ሥልጣን አልሰጠውም በሚለው ሄደ። ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ክላርክ ፖስታ ቤቱን የዓለም ትልቁ የቆሻሻ አከፋፋይ አደረጋችሁት ብሎ ተቆጣ።

አስቡት፣ እየሰደበህ ነጻ የሚያወጣህ ዳኛ። ለኔ የዚህ ካርቶን ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ከአራት ዓመት በፊት 1958 ጥር ላይ ዋን የሚባለው የሎስ አንጀለስ የጌዮች መጽሔት በዚሁ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸንፎ ነበር፣ እሱ የጽሑፍ መጽሔት ነው፣ የጨዋ ሰው፣ ክራቫት ያሰረ ትግል፣ ታሪኩ ሲነገር ሁሌ እሱ ነው የሚጠቀሰው። ትክክል ነው ይጠቀስ። ግን ፎቶውን፣ ዘይት የተቀባውን፣ ጨዋዎቹ ያፈሩበትን ነገር በፖስታ ማስላክ የቻለው ዎማክ ነው፣ ስሙን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ነጋዴ ስለሆነ ነው? ምናልባት። እኔ ነጋዴነቱ ነው ጉልበት የሰጠው ባይ ነኝ፣ እሽጉ ሲያዝበት የተያዘው ገንዘቡ ነው፣ ዝም ሊል አይችልም።

ደሞ ሌላ ነገር፦ በሌላ ክስ ተፈርዶበት ወህኒ ከመግባት ሴንት ኤልዛቤት የአእምሮ ሆስፒታል መግባቱን መረጠ፣ ዲሲ ሳውዝ ኢስት ያለችው፣ እዛው ሆኖ ሥራውን ያስኬድ ነበር። ያን ግቢ በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

በካርቶኑ ውስጥ የ1960 ትሪም አለ። ከተያዙት 405 ውስጥ አይደለም ግልጽ ነው፣ እሱ ደርሷል። ግን እጄ ላይ ይዤው ትንሽ ቆየሁ።

ሐሙስ

ስካኑ አስቸገረኝ። መጽሔቱ ላይ ያለው ፎቶ በጥቃቅን ነጥብ ነው የታተመው፣ ስካነሩ ደሞ የራሱ ፍርግርግ አለው፣ ሁለቱ ሲጋጩ ሞይሬ የሚሉት ሞገድ ሞገድ ነገር ይወጣል፣ የሰውየው ደረት ላይ የሌለ ምንጣፍ ይታያል። መፍትሔው፦ ዋናውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ቲፍ ፋይል አድርጎ ምንም ማስተካከያ ሳይነኩት ማስቀመጥ፣ ለማየት የሚሆነውን ኮፒ ትንሽ አደብዝዞ መልሶ ማሳነስ። ስካነሩ ላይ ያለውን «አጥፋልኝ» የሚለውን ማስተካከያ አልወደውም፣ ነጥቡን ሲያጠፋ ጥቃቅን ፊደሉንም ይበላል፣ የማይዘር ንዝንዝ ከጠፋ እኔ ምን ልሠራ ነው።

ቅዳሜ

ከመጽሔቶቹ ሥር ቀጭን ቀጭን የስዊዘርላንድ መጽሔት ወጣ፣ ደር ክራይስ፣ በጀርመንኛ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ። ዙሪክ ነው የሚታተመው፣ በዚህ ስም ከ1943 እስከ 1967 የቆየ። ስዊዘርላንድ 1942 ላይ ሕጓን ስላላላች ነው እዛ የቻሉት፣ ሌላው አውሮፓ በጦርነት ላይ እያለ። ከዛ በፊት ጀርመን ውስጥ አዶልፍ ብራንድ የሚባል ሰው ከ1896 ጀምሮ በርሊን ደር አይገነን ያወጣ ነበር፣ እሱም ፎቶ ነበረው፣ ናዚዎቹ መጡና አለቀ።

ደር ክራይስ ከአሜሪካኖቹ ጋር ሲነጻጸር ጨዋ ነው፣ ግጥም አለው፣ አጭር ልብወለድ፣ መሀል ላይ ጥሩ ወረቀት ላይ ጥቂት ፎቶ። ወረቀቱም ጥሩ ስለሆነ ስካኑ በአንዴ ነው የሚያልቀው። አንዱ ፎቶ ሥር ሮቤርቶ ሮልፍ ይላል። ይሄ የብዕር ስም ነው፣ ሰውየው ጆርጅ ፕላት ላይንስ ነው፣ ኒውዮርክ ለቮግ መጽሔት ፋሽን የሚያነሳ፣ የባሌት ዳንሰኞችን የሚያነሳ የተከበረ ሰው፣ የወንድ ፎቶዎቹን ግን አገሩ ውስጥ በስሙ ማውጣት አልቻለም። 1955 በካንሰር ሞተ፣ ከመሞቱ በፊት የፋሽን ሥራውን ብዙውን አጠፋ፣ የወንድ ፎቶዎቹን ደሞ ኢንዲያና ለሚገኘው የጾታ ጥናት ተቋም፣ ለኪንዚ ተቋም ሰጠ። የቱን እንደሚያከብር በዚህ አወቅን።

የተቋሙ መሥራች ለአልፍሬድ ኪንዚም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከ1950 ጀምሮ ከውጭ የሚያስመጣቸውን ዕቃዎች ጉምሩክ ያዘበት፣ ክርክሩ ሲጎተት እሱ 1956 ሞተ፣ ፍርዱ 1957 ለተቋሙ ወጣ፣ ለጥናት ከሆነ ይግባ ተብሎ። የጉዳዩ ስም ግን፦ ዩናይትድ ስቴትስ ከ31 ፎቶግራፎች ጋር፣ መጠናቸው 4 ከሦስት አራተኛ በ7 ኢንች። መንግሥት ፎቶ ከሶ መጠኑን ጽፏል! ካታሎግ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው በዚህ የሚስቀው፣ እኔ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰኞ ማታ

ደብዳቤዎቹ ላይ ደረስኩና ሥራው ተለወጠ። ስም አለ፣ አድራሻ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ስም አለ። አንዳንዱ ሰው ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ባይኖርም ልጆች አሉት።

ይሄን ቀለል አድርጎ የሚያይ ካለ የኒውተን አርቪንን ይስማ። ማሳቹሴትስ ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው ስሚዝ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር፣ ስለ ደራሲው ኸርማን ሜልቪል በጻፈው የሕይወት ታሪክ 1951 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የወሰደ። መስከረም 2 ቀን 1960 ፖሊሶች ቤቱ ገብተው እነዚህን መጽሔቶች፣ ልክ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ዓይነት፣ አገኙበት። ፈርቶ ሌሎች ስም ጠራ። ሁለት ወጣት አስተማሪዎች፣ ኤድዋርድ ስፖፎርድና ጆኤል ዶሪየስ፣ ተይዘው ሥራቸውን አጡ። አርቪን ጡረታ ተገፋ፣ ሆስፒታል ገባ፣ 1963 ሞተ። በዛው ዓመት የሁለቱ ፍርድ ተሻረ፣ ሥራቸውን ግን ኮሌጁ አልመለሰላቸውም። ጡንቻ መጽሔት ነው'ኮ፣ ጨርቅ የለበሰ ሰውዬ!

ስለዚህ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋግረን የወሰንነው፦ ደብዳቤዎቹ ይጸዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ግን ዝግ ሆነው። ኤክሴሉ ላይ የጸሐፊ ስም አይገባም። ፖስታዎቹ ስካን ሲደረጉ የተቀባዩ አድራሻ ይሸፈናል፣ ማኅተምና ቴምብር ብቻ ይታያል። ፎቶዎቹ በስቱዲዮ ስም ነው የሚመዘገቡት። ሞዴሎቹ ብዙዎቹ መርከበኛ፣ ሥራ የፈታ፣ ለጥቂት ዶላር የቆሙ ናቸው፣ ጌይ ያልሆኑም ሞልተዋል፣ መጽሔቱ ላይ ስማቸው ቢታተምም እኔ መፈለጊያ ውስጥ አስገብቼ ለልጅ ልጃቸው ጉግል አላቀርበውም። አንዷ በጎ ፈቃደኛ «ታሪክ መደበቅ ነው» አለች። ተከራከርን። ታሪኩ አልተደበቀም፣ ለሚመራመር ሰው በጥያቄ ይከፈታል፣ የሰው ስም ግን የኔ አይደለም። አልተስማማችም፣ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ረቡዕ

ኔጋቲቮቹ። ሣጥኑን ስከፍተው አቼቶ አቼቶ ሸተተኝ። ይሄ የአሴቴት ፊልም በሽታ ነው፣ ፕላስቲኩ ራሱ ሲበሰብስ አሲድ ይለቃል፣ አሲዱ ደሞ ጎረቤቱን ያበሰብሳል። ጥቂቶቹ ጠርዛቸው ተጨማድዷል። አሲድ የሚለካውን ወረቀት አስገብቼ አሳደርኩት፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ጥሩ አይደለም። የተጨማደዱትን ለይቼ ቶሎ ስካን፣ ቀሪዎቹ በወረቀት ፖስታ፣ ከዛ በሁለት ከረጢት ታሽገው ፍሪዘር። ፍሪዘሩ የመዝገብ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ የሰው ምሳ አጠገብ እንዳይቀመጥ ላዩ ላይ በቀይ ጽፌበታለሁ።

ኔጋቲቭ መትረፉ ራሱ ብርቅ ነው። የኒውዮርኩ ሎን ቤቱ በፖሊስ ሲፈተሽ ብዙ ሥራው ጠፍቶበታል፣ ሌሎቹም ፈርተው ራሳቸው አቃጥለዋል። ማይዘር ግን ምንም አልጣለም፣ 1992 ሲሞት ቤቱ ሙሉ ፊልም ነበር፣ ከ2010 ጀምሮ በስሙ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ካሊፎርኒያ ውስጥ እየለቀመው ነው። እነሱ ገና እየሠሩ ነው፣ እኔ በአንድ ሣጥን አማርራለሁ።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ክምር ድራም ነው፣ ፊላደልፊያ፣ ከ1964 ጀምሮ። ክላርክ ፖላክ የሚባለው ሰው ሁለቱን ጨዋታ ያጋጠመው እሱ ነው፦ የመብት ዜናና ራቁት ፎቶ በአንድ ሽፋን ውስጥ፣ ከፊሉ ቀልድ። ስርጭቱ ወደ 10 ሺህ ደረሰ፣ የጨዋዎቹ መጽሔቶች ያልደረሱበት ነው። የትግሉ ሰዎች ግማሾቹ አፈሩበት፣ በአንባቢ ብዛት ግን ከመብት መጽሔቶቹ ማንም አልተወዳደረውም። እሱንም በመጨረሻ የፌደራል ክስ ነው ያስቆመው።

ጨርቋ የወደቀችው 1967 ሚኒያፖሊስ ነው። ሎይድ ስፒናርና ኮንራድ ጀርሜን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በፖስታ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነበራቸው፣ 29 ክስ ቀረበባቸው፣ ፌደራል ፍርድ ቤት ከሁሉም ነጻ አላቸው። ከዛ ወዲህ ሙሉ ራቁት ፎቶ በግልጽ መላክ ተቻለ። እና እነዚህ መጽሔቶች ወዲያው ነው የሞቱት ማለት ይቻላል፣ ማንም የጄሶ ዓምድ አልፈለገም። የኚህ ሰውዬም ክምር እዚህ አካባቢ ይቆማል፣ ከ60ዎቹ መጨረሻ በኋላ የተገዛ አንድም የለም። ፊዚክ ፒክቶሪያል ራሷ እስከ 1990 ወጥታለች፣ እሳቸው ግን አልተከተሏትም። ለምን እንደሆነ ደብዳቤዎቹ ውስጥ ይኖር ይሆናል፣ እነሱን ግን እንዳላነብ ራሴ ነኝ ድምፅ የሰጠሁት።

ያለንበት፦ ፊዚክ ፒክቶሪያል፣ ትሪም፣ ማንዋል፣ ግሪሺያን ጊልድና ድራም ስካናቸው አልቋል። ቪምና አዶኒስ ሽቦ ነቀላ ላይ ናቸው። የሻገተው ካርቶን ገና አልተነካም፣ እሱ ማራገቢያና ማስክ ይፈልጋል፣ የሚረዳኝ ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ ጓንት እኛ ጋ አለ፣ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።